በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ማን ምን ይወስናል? ስለ ሽማግሌዎች፣ ስለ መጋቢና ስለ ጠቅላላ ጉባኤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት መልሶች በዋናነት ሽማግሌዎች፣ መጋቢና ጠቅላላ ጉባኤ ላሏቸው የወንጌላውያን አጥቢያዎች ናቸው፤ አገር ቤትም ሆነ ውጭ። የሌሎቹ ቤተ እምነቶች አሠራር የተነሣው ለማነጻጸር ያህል ነው። ከሕግ ወይም ከመጽሐፍ መጣ ያላልነው ቁጥር ሁሉ በሥራ ላይ የሚያስኬድ ልክ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። የእናንተ መተዳደሪያ ደንብ ሌላ የሚል ከሆነ ደንቡ ይቀድማል።

ለመሆኑ ሥልጣኑ የማን ነው? የሽማግሌዎች ወይስ የምእመናን?

ሥልጣንን እንደ ዳቦ ቆርሶ “ይህን ያህል ለሽማግሌ፣ ይህን ያህል ለምእመን” ማለት አያዋጣም። በአንድ ጉዳይ ውስጥ አራት ሥራ አለ፤ አጥንቶ ማቅረብ፣ መወሰን፣ መፈጸም፣ የተፈጸመውን መመርመር። አዳራሽ ለመግዛት ቢታሰብ ሽማግሌዎች ቦታውንና ዋጋውን አጥንተው ያቀርባሉ፤ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል፤ የሕንፃ ኮሚቴው ይገዛል፤ ጉባኤው የመረጠው ኦዲተር ደረሰኙን ያያል። አጥኚው፣ ወሳኙ፣ ገዢውና መርማሪው አንድ ሰው ሲሆን ግን ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ ታማኝነቱን የሚያሳይበት ማስረጃ አይኖረውም። የአብዛኛው አጥቢያ ጠብ ከዚህ ነው የሚነሣው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይህንኑ ያሳያል። በመበለቶቹ ዕለታዊ እርዳታ ላይ ማጉረምረም ሲነሣ ዐሥራ ሁለቱ መስፈርቱን ተናገሩ፣ ሰባቱን ሕዝቡ መረጠ፣ እጅ የጫኑት ሐዋርያት ናቸው። በምዕራፍ 14፥23 ደግሞ ጳውሎስና በርናባስ በየቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችን ሾሙ ይላል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ የሚሟገት ወገን ግማሹን ነው የያዘው።

ቤተ እምነቶች በዚህ ጉዳይ የሚለያዩት የት ላይ ነው?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያው የሚመራው በ1965 ዓ.ም. ወጥቶ ከዚያ ወዲህ በተሻሻለው ቃለ ዓዋዲ በተባለው መተዳደሪያ ደንብ ነው። ሰበካ ጉባኤው ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ይመረጣል። ሊቀ መንበሩ ግን አይመረጥም፤ የደብሩ አስተዳዳሪ በሹመቱ ይይዘዋል። ምእመኑ በገንዘቡና በልማቱ ይካፈላል፤ እምነትና ሥርዓት የቅዱስ ሲኖዶስ ነው። የምእመናን ድምፅ ላይኛው ቤት ጭራሽ አይደርስም ማለት ግን አይደለም፤ በ2005 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሲመረጥ ድምፅ ከሰጡት ከ800 በላይ መራጮች መካከል የምእመናን ወኪሎችም ነበሩ።

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የቀኖና ሕግ በቁጥር 537 እያንዳንዱ ቁምስና (አጥቢያ) የገንዘብ ጉዳይ ምክር ቤት እንዲኖረው ያስገድዳል። በቁጥር 536 የተጠቀሰው የሐዋርያዊ ሥራ ምክር ቤት ግን ድምፁ የምክር ብቻ ነው፤ ቆሞሱ (የአጥቢያው ኃላፊ ካህን) ሰምቶ የራሱን ሊወስን ይችላል። በመካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናኑ ሽማግሌዎቹን ራሱ ይመርጣል፤ የቅስና ሹመት ግን ከአጥቢያው በላይ ነው። በባፕቲስት ወግ የአባላቱ ጉባኤ የመጨረሻ ወሳኝ ነው፤ ይግባኝ የሚባልበት ሲኖዶስ የለም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው በአንድ “ባለራእይ” ዙሪያ የተመሠረተው ነጻ አጥቢያ ነው። በላዩ ሲኖዶስ የለም፣ በሥሩም ጉባኤ የለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈጣን ነው፤ ስብሰባ የለ፣ ክርክር የለ። መሥራቹ ሲታመም፣ አገር ሲለቅ ወይም ሲሳሳት ግን ቁልፉን የሚቀበል አካል አይገኝም።

ሽማግሌዎች እንዴት ቢመረጡ ይሻላል?

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል፤ በአንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የሚደረግ ምርጫ ምርጫ አይባልም። መጀመሪያ ጠቅላላ ጉባኤው አምስት ሰው ያለበት አስመራጭ ኮሚቴ ይሰይማል። የኮሚቴው አባል ራሱ አይወዳደርም፤ ባለቤቱም አትወዳደርም። ለሁለት እሑዶች አባላት በጽሑፍ ይጠቁማሉ። ኮሚቴው ጥቆማውን ከ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 እና ከቲቶ 1 መስፈርት ጋር ያስተያይና እያንዳንዱን ተጠቋሚ ለብቻው ያነጋግራል፤ ፈቃደኛ ነው ወይ፣ ጊዜ አለው ወይ፣ ትዳሩና ዕዳው እንዴት ነው። ብዙ ቦታ የሚዘለለው ይኸኛው ጥያቄ ነው። ሰው ያፍራል። ከሹመት በኋላ አደባባይ ከሚወጣ ግን ቀድሞ በዝግ ቤት ቢጠየቅ ይሻላል።

ከዚያ ስማቸው ለሁለት እሑዶች ይነገራል። ተቃውሞ ያለው ስሙን ጽፎ ለኮሚቴው ያቀርባል፤ ስም የሌለው ወረቀት አይታይም። ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው። እጅ ማውጣት ለስብሰባ ሰዓት ይበቃል፤ ለሰው ምርጫ አይሆንም፤ መጋቢው ከፊት ቆሞ እያየ “አልደግፍም” ብሎ እጁን የሚያነሣ ጥቂት ነው። በመጨረሻ ጸሎትና እጅ መጫን።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ለሰባት ቦታ ሰባት ሰው ብቻ ይቀርባል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ “እደግፋለሁ” እና “አልደግፍም” የሚል ሣጥን በየስሙ አንጻር ከሌለው ድምፁ ትርጉም የለውም። ሁለተኛ፣ ጥሩ ሰባኪና ብዙ የሚሰጥ ነጋዴ ሽማግሌ መሆን አለባቸው ተብሎ ይታሰባል፤ ሁለቱም ችሎታ ነው እንጂ መስፈርት አይደለም። ሦስተኛው የአገር ልጅነት ነው፤ ውጭ አገር በተለይ። የሽማግሌው ቁጥር በብሔር ወይም በመጡበት ከተማ ከተደለደለ እያንዳንዱ ሽማግሌ የላከውን ወገን እንጂ ጉባኤውን አይወክልም።

ስንት ሽማግሌ፣ ለስንት ዓመት?

እስከ 200 አባል ላለው አጥቢያ ከአምስት እስከ ሰባት ይበቃል። ከዘጠኝ በላይ ሲሆን ሦስቱ ይወስናሉ፣ ስድስቱ ይሰማሉ። የሥራ ዘመኑ ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ተከታታይ ዙር፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ዓመት ዕረፍት። ሁሉም በአንድ ቀን እንዳይወርዱ ይደረግ፤ ሰባት ከሆኑ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት ይለወጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ማን በአንድ ዓመት፣ ማን በሦስት እንደሚወርድ በዕጣ ይለይ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የተባለው ለሌላ ቢሆንም፣ መውረጃው ቀን የታወቀ ሹመት ለሁለቱም ወገን ፈተናውን ያቀላል።

መጋቢው የሽማግሌዎች አለቃ ነው ወይስ ተቀጣሪ?

ብዙ ደንቦች ይህን በዝምታ ያልፉታል፤ ዝምታው ደግሞ እስከ መጀመሪያው ጠብ ድረስ ነው። ጥሩ የሚሠራው አቀማመጥ ይህ ነው፦ መጋቢው በትምህርትና በእረኝነት ይመራል፣ በሽማግሌዎች ስብሰባ ድምፅ አለው፣ ሰብሳቢ ግን አይደለም። ደመወዙ፣ የዓመት ግምገማውና የውል እድሳቱ ሲታይ ከክፍሉ ይወጣል፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ባለቤቱ ገንዘብ ያዥ፣ ወንድሙ ኦዲተር አይሆኑም።

ከሌላው ወገንም ጥፋት አለ። መጋቢውን ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ውል፣ “በእምነት” የሚያሠሩ አጥቢያዎች ሲቆጡ ደመወዙን እንደ ልጓም ይጠቀሙበታል። ሥራው፣ ክፍያው፣ የዕረፍት ቀኑ፣ ውሉ የሚቋረጥበት መንገድና የቅድሚያ ማስታወቂያው (ሦስት ወር ተገቢ ነው) ተጽፎ መፈረም አለበት። እርሱን መቅጠርም ማሰናበትም የጠቅላላ ጉባኤ እንጂ ሐሙስ ማታ የተሰበሰቡ አራት ሽማግሌዎች ሥራ አይደለም።

ምልዓተ ጉባኤ (ለመወሰን መገኘት ያለበት የአባላት ቁጥር) እየጎደለ መሰብሰብ አቃተን፤ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ መዝገቡን ተመልከቱ። ለምሳሌ መዝገብ ላይ 400 ስም አለ፤ እሑድ የሚመጣው 160 ነው። ደንቡ “ከግማሽ በላይ” ካለ 201 ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ቁጥር መቼም አይሞላም። ሰዎቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም፤ አግብተው ሌላ ከተማ ሄደዋል፣ ዐረብ አገር ናቸው፣ ዐርፈዋል፣ ወይም ያለ መሸኛ ደብዳቤ ወደ ሌላ አጥቢያ ገብተዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ጸሐፊው ስልክ እየደወለ መዝገቡን ያጥራ። ለስድስት ወር ያልተገኘና ለሁለት ጥሪ ያልመለሰ አባል “ተከታታይ ያልሆነ” በሚል ዝርዝር ይዛወር፤ አይሰረዝም፣ ለምልዓተ ጉባኤ ግን አይቆጠርም።

“በሁለተኛው ጥሪ የተገኘው ሰው ምልዓተ ጉባኤ ይሆናል” የሚለው አንቀጽ አደገኛ ነው። ለዓመታዊ ሪፖርት ይሁን፤ ነገር ግን ሃያ ሰው በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን ይዞታ ሊሸጥበት ይችላል። ንብረት መሸጥና መግዛት፣ መጋቢ መቅጠርና ማሰናበት፣ ደንብ ማሻሻል ላይ በሁለተኛው ጥሪም ቢሆን ከአባላቱ አንድ ሦስተኛ እንዲገኝ ይደንገግ።

“ሁለት ሦስተኛ ድምፅ” ሲባል የማን ሁለት ሦስተኛ?

ይህ ቃል ብቻ ስንት አጥቢያ ከፍሏል። ቆጥረን እንየው። አባላት 150፣ የተገኙ 90፣ የደገፉ 55፣ የተቃወሙ 25፣ ድምፀ ተዓቅቦ 10። ድምፅ ከሰጡት 80 ሰዎች ሁለት ሦስተኛው 54 ነው፤ ስለዚህ ሐሳቡ አልፏል። ከተገኙት ከ90 ከሆነ 60 ያስፈልጋል፤ ወድቋል። ከጠቅላላው አባል ከሆነ ደግሞ 100፤ በዚያ ቀን ከነጭራሹ ሊያልፍ አይችልም። ደንቡ “ከተገኙት” ወይም “ድምፅ ከሰጡት” ብሎ በግልጽ ይጻፈው። ድምፀ ተዓቅቦ እንዴት እንደሚቆጠርም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሰብሳቢው ያስታውቅ፤ ከተቆጠረ በኋላ የሚተረጎም ደንብ ሁልጊዜ ለአንድ ወገን ይመስላል።

ጉባኤው ወደ ጭቅጭቅ እንዳይሄድ ምን ይደረጋል?

አጀንዳው ከ14 ቀን በፊት በጽሑፍ ይድረስ። “ልዩ ልዩ” በሚለው ሥር ትልቅ ጉዳይ አይወሰን፤ መጋቢ የተባረረው “ልዩ ልዩ” ላይ ነው የተባለበት አጥቢያ አንድ ብቻ አይደለም። ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጠው፤ ሌሎቹ ሳይናገሩ ሁለተኛ ዕድል የለም። ሰብሳቢው አይከራከርም፤ መከራከር ከፈለገ ሰብሳቢነቱን ለምክትሉ አስረክቦ ይወርዳል። ብዙዎች የሚጠቀሙበትን የስብሰባ ደንብ የጻፈው ሄንሪ ሮበርት የተባለው አሜሪካዊ መኮንን ነገሩን ማጥናት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 በአንዲት ቤተ ክርስቲያን የተደረገ ስብሰባ እንዲመራ ተጠርቶ መላው ጠፍቶት ካፈረ በኋላ ነው። ደንቡን በ1876 አሳተመው። ችግሩ የሐበሻ ብቻ እንዳልሆነ ያጽናናል።

ቃለ ጉባኤው ቀኑን፣ የተገኙትን ቁጥር፣ የቀረበውን ሐሳብ፣ የድምፁን ውጤት በአኃዝ፣ ፈጻሚውንና የጊዜ ገደቡን ይያዝ። ማን ምን ብሎ እንደተቆጣ አይጻፍ።

በገንዘብ ላይ ማን ምን ይወስናል?

ደረጃ ይውጣለት። ለምሳሌ ገንዘብ ያዡ በጸደቀው በጀት ውስጥ እስከ 5,000 ብር ራሱ ይክፈል፤ ከዚያ በላይ እስከ 100,000 ብር ሽማግሌዎች ይወስኑ፤ ከዚያ በላይ የሆነውና በበጀት ያልተያዘው ሁሉ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ። ቁጥሩን እንደ ገቢያችሁ አስተካክሉት፤ ዋጋ ሲንርም በየሁለት ዓመቱ ከልሱት፤ አለዚያ ለአምፖል መግዣ ጉባኤ መጥራት ይመጣል።

አሥራትና መባ ከአዳራሹ ሳይወጣ በሁለት ሰው ይቆጠር። ሁለቱ ባልና ሚስት አይሁኑ፤ በየወሩ ይለወጡ፤ በቅጹ ላይ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ገንዘቡ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ባንክ ይግባ። ገንዘብ ያዡ ቆጣሪ አይሆንም። ባንክ ላይ ሦስት ፈራሚ፣ ለማውጣት ሁለት ፊርማ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ለብቻው አልያዘም፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ አብሮ የሚሄደውን ወንድም የመረጡት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ምክንያቱንም ይናገራል፤ በሰው ፊትም መልካም ሆኖ እንዲታይ። ሐዋርያው ያላፈረበትን ገንዘብ ያዥ “አላመናችሁኝም” ብሎ ቢቀየም አያስኬድም።

ለሕንፃ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለኪራይ ወይም ለደመወዝ ሲውል ሌብነት ባይሆንም እምነት ማጉደል ነው። የግድ ከሆነ በቃለ ጉባኤ “ብድር” ተብሎ መመለሻው ቀን ይጻፍ። ኦዲተሩን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ሪፖርቱንም በቀጥታ ለጉባኤው ያነባል። ሽማግሌዎች አስቀድመው ሊያዩት ይችላሉ፤ ሊያርሙት አይችሉም።

“የቀባኋቸውን አትዳስሱ” ተብሎ የለም ወይ? መሪን መጠየቅ ኃጢአት አይሆንም?

መዝሙሩ (105፥15) የሚናገረው በባዕድ አገር ስለተንከራተቱት ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው፤ ማስጠንቀቂያው የተሰጠው ሊጎዷቸው ለሚችሉ ነገሥታት ነው። ሒሳብ ስለጠየቀ ምእመን አይናገርም። ዳዊት በሳኦል ላይ እጁን አላነሣም፤ ስሕተቱን ግን በሰው ፊት ነግሮታል። ዳዊትን ራሱን ናታን ገሥጾታል። ጳውሎስ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል (ገላ. 2፥11)። በ3ኛ ዮሐንስ ውስጥ ደግሞ “ዋና መሆን የሚወድ” የተባለው ዲዮጥራጢስ በስም ተጠቅሶ ተወቅሷል።

ዕብራውያን 13፥17 ለመሪዎች ታዘዙ ይላል፤ እውነት ነው። በዚያው ቁጥር መሪዎቹ ስለ ነፍሳችሁ ስሌት እንደሚሰጡ ይናገራል። ጥቅሱ እስከ መካከሉ ድረስ ብቻ ሲነበብ ነው የሚጎዳው።

በሽማግሌ ወይም በመጋቢ ላይ ክስ ሲነሣ ሂደቱ ምንድን ነው?

የግል ቅሬታ ከሆነ የማቴዎስ 18 መንገድ ነው፤ ለብቻ፣ ከዚያ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። በሽማግሌነቱ የሚከሰስ ከሆነ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19 ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይጠይቃል። ክሱ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ተከሳሹ ቅጂው ይድረሰው፤ መልስ ለመስጠት 15 ቀን ይኑረው፤ በማጣራቱ ጊዜ ከአገልግሎት ይረፍ። አጣሪዎቹ ሦስት ሆነው ቢያንስ አንዱ ከሌላ አጥቢያ ይምጣ። ጓደኞቹ ያጣሩት ጉዳይ ነጻ ቢያወጣውም አያነጻውም።

ለጉባኤው የሚነገረው ውሳኔውና ምክንያቱ በአጭሩ ነው፤ ዝርዝሩ አይደለም። ምንም ሳይነገር “ወንድማችን ለጊዜው ዐርፏል” ማለት ግን የሚያርፍ ነገር የለውም፤ ወሬው ባዶውን ቦታ ይሞላዋል።

አንድ ልዩ ነገር አለ። ሕፃን ተነክቶ ከሆነ፣ የተደፈረ ወይም የተደበደበ ሰው ካለ የማቴዎስ 18 ደረጃ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ለፖሊስ ነው። ተጎጂውን ከበዳዩ ጋር በሽምግልና ማስቀመጥ ሁለተኛ ጉዳት ነው።

ምእመን ሁሉን የማየት መብት አለው?

የለውም። የጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ በጀት፣ የኦዲት ሪፖርትና መተዳደሪያ ደንቡ ለማንኛውም አባል ክፍት ናቸው። ማን ስንት አሥራት እንደሰጠ፣ ማን ለምክር መጥቶ ምን እንደተናገረ ዝግ ነው፤ ለሽማግሌዎችም ጭምር።

አሜሪካ ያለን ነን፤ የእኛ በምን ይለያል?

በወረቀቱ። የአማርኛው ደንብ “ጠቅላላ ጉባኤው የበላይ ነው” ይላል፤ ለስቴቱ የገባው የእንግሊዝኛ ሰነድ ደግሞ፣ አንድ ሰው ከሌላ ድርጅት ቅጽ ላይ ስለገለበጠው፣ “አባላት የሉትም፤ ቦርዱ ይወስናል” ይላል። ጠብ ተነሥቶ ፍርድ ቤት ሲኬድ ዳኛው የሚያነበው የተመዘገበውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጆንስና በዎልፍ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ፍርድ ቤቶች ማን እውነተኛ ትምህርት ያዘ ወደሚለው ሳይገቡ የንብረት ክርክርን በሰነዱ፣ በይዞታ ማረጋገጫውና በስቴቱ ሕግ ሊፈርዱ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጡና አንቀጽ በአንቀጽ አመሳክሩ፤ ቢጋጩ የትኛው እንደሚጸናም ጻፉ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚያ ስቴት ቤተ ክርስቲያን እንደ ኮርፖሬሽን መመዝገብ አትችልም ነበር፤ ይዞታዋ ፍርድ ቤት በሚሾማቸው ባለአደራዎች ስም ይያዝ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ የያዙ አሉ። ከባለአደራዎቹ አንዱ ሲያርፍ ወይም ሌላ አጥቢያ ሲሄድ ማስለወጥ ያስፈልጋል። ይህን የረሳ አጥቢያ ሕንፃውን ሊሸጥ ወይም ሊበደርበት ሲል የሌለ ሰው ፊርማ ሲፈልግ ይገኛል።

ደንባችን ከዚህ አብዛኛውን አይልም፤ ከየት እንጀምር?

ከደንቡ አትጀምሩ። ደንብ ሲከፈት ሁሉም የሚያየው ሥልጣን የማን እንደሚሆን ነው፤ ስድስት ወር በክርክር ያልፋል። መጀመሪያ የአባላት መዝገቡን አጥሩ፤ ቀጥሎ የባንክ ፈራሚዎችንና የመባ አቆጣጠሩን አስተካክሉ፤ ከዚያ ላለፉት ሁለት ዓመታት ያልተጻፈውን ቃለ ጉባኤ በሚታወሰው መጠን ሰብስቡ። እነዚህን ማንም በግልጽ አይቃወምም። ደንቡን የሚያረቁ አምስት ሰዎች ከዚያ በኋላ ይሰየሙ፤ ሁለቱ ከሽማግሌዎች፣ ሦስቱ ከአባላት፣ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች። ረቂቁ ለአንድ ወር ይነበብ፤ ማሻሻያ በጽሑፍ ይሰብሰብ፤ አንቀጽ በአንቀጽ ይጸድቅ።

ሲጸድቅ በመሸጋገሪያው አንቀጽ የነባሮቹ ሽማግሌዎች ዘመን መቼ እንደሚያበቃ በእያንዳንዳቸው ስም አንጻር ቀኑ ይጻፍ። ይህ ከተዘለለ አዲሱ ደንብ በጸደቀ ማግስት “የእኔ ሦስት ዓመት የሚቆጠረው ከዛሬ ነው” የሚል ሽማግሌ ይነሣል፤ ደንቡም መልስ አይኖረውም።